ሳይቃጠል በቅጠል
ስለ ሙከራና ስለ መንግሥት ቁጥጥር

(በአንድ ወረዳ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ፣ በመስክ ቀን፣ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ማዳበሪያ ወይም በመስመር ስለ መዝራት አይደለም። ስለ ሙከራ ነው። ይኸውም የተማሩ ሰዎች አዲስ ዘር፣ አዲስ ተክል ወይም አዲስ ነፍሳት አምጥተው ሲሞክሩ፣ ሙከራው አገር እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ማን ነው? እንዴትስ ይጠበቃል? የሚለውን ነው። ነገሩ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን ሙከራ ሲበላሽ ዕዳው የሚወድቀው በእናንተ ማሳ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ የእናንተ ነው።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ በልማት ሠራተኛነት በተመደብሁበት በመጀመሪያው ክረምት አንድ ከረጢት የመኖ ዘር ተሰጠኝ። በከረጢቱ ላይ ዘሩ የት እንደተመረተና ማን እንደመረመረው የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ከብቱ መኖ አጥቶ ነበርና ቶሎ ላድርስ ብዬ በጣሳ እየሰፈርሁ ለአሥራ ሁለት ገበሬዎች አከፋፈልሁ። ከእነሱም መካከል አንድ ሽማግሌ ዘሩን በመዳፋቸው ላይ ዘርግተው ካዩ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህን ዘር ማን አየው?» አሉኝ።

«ባለሙያዎች አይተውታል፣ አባቴ» አልሁ። ይህን ስናገር የማውቀው ነገር አልነበረም።

«ቢያስቸግረንስ መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ?»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሌሎቹ ገበሬዎች ዘሩን በማሳቸው ዳርና በግጦሽ መሬታቸው ላይ በተኑት። ሽማግሌው ግን በጓሮአቸው አራት እርምጃ የምታህል መደብ አበጅተው፣ ዙሪያዋን በድንጋይ ከበው፣ ዘሩን በዚያች ብቻ ዘሩት። ከስድስት ሳምንት በኋላ አስጠሩኝ። በመኖው መካከል ቅጠላቸው እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ሦስት ባዕድ ቡቃያዎች በቅለው ነበር። በዚያ ቀበሌ ከዚያ በፊት ያልታየው ቅንጬ አረም ነበር፤ በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም የሚባለው። ሽማግሌው ሳያብብ ነቅለው አቃጠሉት። በሌሎቹ ማሳ ግን ማንም ሳያስተውለው አበበ፤ ዘሩንም አራገፈ። አንድ የቅንጬ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። እነዚያ ገበሬዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሲያርሙ ይከርማሉ። እኔም በዚያ ቀበሌ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

ሽማግሌው ያደረጉትን ልብ አድርጉ። አዲሱን ነገር አልናቁም፤ አልጣሉትምም። ነገር ግን ጠየቁ፤ ቦታ ለዩለት፤ ከለሉት፤ ጠበቁት፤ ክፉውን ባዩ ጊዜ አጠፉት። መንግሥት በሙከራ ላይ ማድረግ የሚገባው ቁጥጥርም ከዚህ የተለየ አይደለም። የእሳቸው አራት እርምጃ መደብ በአገር ልክ ሰፍታ ስትታይ ማለት ነው።

የሚመለስ ሙከራና የማይመለስ ሙከራ

ሙከራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የማዳበሪያው መጠን በዝቶ ወይም አንሶ ቢገኝ የአንድ ዓመት ምርት ይቀንሳል፤ በሚመጣው ዓመት ይታረማል። በመስመር የተዘራው ጤፍ ባይሳካ ወደ ቀድሞው አዘራር ይመለሱታል። እንዲህ ያለው ሙከራ ጉዳቱ ከማሳው አይወጣም።

ሕይወት ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ይራባል። ነፋስና ጎርፍ ይሸከሙታል፤ በከብት ሆድና በሰው ጫማ ይጓዛል፤ ክንፍም ቢኖረው ይበራል። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ የቀበሌ ድንበር አያውቅም። ያመጣው ባለሙያ ቢጸጸት፣ የፈቀደው ሹም ቢሻር፣ ወጪውን የከፈለው ድርጅት ቢዘጋ፣ እሱ መዋለዱን አይተውም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሙከራ መቆጣጠር የሚጠቅመው ከመለቀቁ በፊት ነው። ከተለቀቀ በኋላ የሚመጣ ቁጥጥር ፈረሱ ከወጣ በኋላ በረት እንደ መዝጋት ነው።

በአንድ አገር የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን የአውስትራሊያ ታሪክ ነው። በዚያ አገር በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ሙከራዎች ተደርገው አንዱ አገር አዳነ፤ ሁለተኛው አገር ጎዳ። በዚህ ክፍል የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የቁልቋል ሙከራ ነው። እኛ በለስ የምንለው እሾሃማ ተክልና ዘመዶቹ ከአሜሪካ አህጉር ወደ አውስትራሊያ ገብተው፣ የሚበላቸው ጠላት ስላልነበራቸው ያለ ልክ ተስፋፉ። በ1925 ቁልቋሉ ወደ 24 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይዞ ነበር። ብዙ ገበሬዎች ቤታቸውንና መሬታቸውን ጥለው ተሰደዱ። መንግሥት በ1920 ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ ቦርድ አቋቋመ። ባለሙያዎቹም ቁልቋል የሚበሉ ነፍሳትን ፍለጋ ወደ አሜሪካ አህጉር ሄዱ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በ1925 ካክቶብላስቲስ የምትባለውን የእሳት ራት እንቁላል ከአርጀንቲና አመጡ። ነገር ግን እንዳመጡ አልለቀቋትም። በተዘጋ ቤት አራቧት። ትሎቿን ሌላ ምግብ ከልክለው በሰብልና በአትክልት ላይ አደረጓቸው። ትሎቹ በረሃብ ሞቱ እንጂ ከቁልቋል በስተቀር ለኑሮ የሚሆናቸው ተክል አላገኙም። አውስትራሊያ ደግሞ የራሷ የሆነ፣ ጥንት በምድሯ የበቀለ የቁልቋል ዘር የላትም። ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ በ1926 ራቷ ተለቀቀች። ሰባት ዓመት ያህል ባለፈ ጊዜ ትሎቹ አብዛኛውን የቁልቋል ጫካ በልተው ጣሉት፤ ገበሬውም ወደ መሬቱ ተመለሰ። ቡናርጋ በምትባል የኩዊንስላንድ መንደር ገበሬዎች በ1936 የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሠርተው በዚያች ነፍሳት ስም ጠርተውታል።

ሁለተኛው የጉርጥ ሙከራ ነው። በዚያው በኩዊንስላንድ የሸንኮራ አገዳ ሥር የሚበላ የጥንዚዛ ትል ገበሬውን አስጨንቆት ነበር። የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች፣ አንድ ትልቅ ጉርጥ በፖርቶ ሪኮና በሃዋይ የአገዳ ተባይ በላ መባሉን ሰምተው፣ በ1935 አንድ መቶ ያህል ጉርጦች ከሃዋይ አመጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ አራብተው፣ በነሐሴ ወር 2,400 ያህል ግልገሎች በየአገዳው እርሻ አጠገብ ለቀቁ። ጉርጡ ይህን የአውስትራሊያን ጥንዚዛ በእርግጥ ይበላል ወይ? ከጥንዚዛው ሌላስ ምን ይበላል? እሱን የሚበላው የዱር እንስሳ ምን ይሆናል? ተብሎ በሚገባ አልተመረመረም።

በዚህ ጊዜ ዋልተር ፍሮጋት የሚባሉ በጡረታ ላይ የነበሩ የነፍሳት ሊቅ ተቃወሙ። ይህ ጉርጥ ሁሉን የሚበላ ስለሆነ እንደ ጥንቸሉና እንደ ቁልቋሉ የአገር መቅሠፍት ሊሆን ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። የፌዴራሉ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት መጨረሻ ጉርጡ ከዚያ ወዲያ እንዳይለቀቅ ከለከለ። እስከዚህ ድረስ ቁጥጥሩ ሥራውን ሠራ። ነገር ግን የአገዳ ገበሬዎችና የኩዊንስላንድ ሹማምንት ቶሎ ይፈቀድልን እያሉ ገፉ። በ1936 ክልከላው ተነሣ።

ከዚያስ ምን ሆነ? ጥንዚዛው ጉርጡ በማይደርስበት በአገዳው ጫፍ ላይ ይበላ ነበር፤ ትሉም በአፈር ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር። ጉርጡ ጥላና እርጥበት ፍለጋ ከአገዳው እርሻ ወጣ። የአገዳውን ተባይ አላጠፋም፤ ነገር ግን በቆዳው መርዝ ስላለ የበሉት አርጃኖዎች፣ እባቦችና ሌሎች አውሬዎች ሞቱ። ዛሬም፣ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ ጉርጡ ሰሜን አውስትራሊያን አቋርጦ ወደ ምዕራብ እየተስፋፋ ነው። መልሶ የሚወስደው አልተገኘም።

እንግዲህ አስተውሉ። አገሩ አንድ ነው፤ ዘመኑ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ሙከራዎች ያደረጉት የተማሩና ለገበሬ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ ምንድር ነው? በመጀመሪያው «ከቁልቋሉ ሌላ ምን ይበላል?» ተብሎ ተጠየቀ፤ መልሱም እስኪገኝ ተጠበቀ። በሁለተኛው «በሌላ አገር ሠርቷል» በሚል ወሬ ተለቀቀ። የሚከለክል ሕግም ሆነ የሚከለክል መሥሪያ ቤት አልጠፋም ነበር። የጠፋው ግፊትን ችሎ «መልሱ ይምጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» የሚል ጽናት ነው።

ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው መርዝ

በሌላ አገር ሠርቷል ማለት በእኛ አገር ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ያችው የእሳት ራት ራሷ ታስተምረናለች። አውስትራሊያን ያዳነችው ካክቶብላስቲስ በ1957 እ.ኤ.አ. በካሪቢያን ደሴቶች ተለቀቀች። ከዚያም ተዛምታ በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፍሎሪዳ ታየች፤ በዚያ የምድሩ ተወላጅ የሆነውን ቁልቋል ትበላለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይኸው በለስ ነው። በአውስትራሊያ በለስ መቅሠፍት ነበር። በትግራይ ግን በለስ የጎተራ እህል በሚያልቅበት በክረምት ወራት የሰው ምግብ ነው፤ በበጋ የከብት መኖ ነው፤ ለጓሮ አጥር ነው፤ ለልጆች የደብተር መግዣ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) ኮቺኒል የሚባል የበለስ ነፍሳት ወደ ደቡብ ትግራይ እንዲገባ ተደረገ። ይህ ነፍሳት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሶ በበለሱ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ሲጨፈለቅ ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣዋል። ቀለሙ በውጭ አገር ለምግብና ለመዋቢያ ይፈለጋልና ለገበሬው ገቢ ይሆናል ተብሎ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ኮቺኒል እየተለቀመ ካልተገታ የተጣበቀበትን በለስ ጭማቂ መጥጦ ያደርቃል። ነፋስም፣ ከብትም፣ ሰውም ከቅጠል ወደ ቅጠል ያደርሱታል። ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ በራያና በአካባቢው የሕዝቡን በለስ አጠፋ። ገበሬው ቀለም ሊሸጥ ታስቦ በለሱን አጣ።

በአፋር ያለውን የፕሮሶፒስን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በረሃውን ያለማል፣ ጥላና ማገዶ ይሆናል ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ። ከብቱ ፍሬውን በላ፤ ዘሩን በእበቱ በየስፍራው አዘራ። ዛሬ የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መሬት በእሾህ ዘግቶበታል።

ይህን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ ወይም ሳይንስን ለማስጠላት አይደለም። በደንብ የተደረገ ምሳሌም በአገራችን አለና። ያን የፈረደበትን ቅንጬ አረም የሚበሉ ነፍሳት፣ አንዱ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ፣ ሁለተኛው ግንዱን የሚቦረቡር እንደ ነቀዝ ያለ፣ ከውጭ መጥተው በአምቦ በተዘጋ የምርመራ ቤት ተጠበቁ። ኑግ ከቅንጬ ጋር በቤተሰብ የሚዛመድ ሰብል ስለሆነ ነፍሳቱ ወደ ኑጋችን ይዞሩ ይሆን? ተብሎ በጥንቃቄ ተመረመረ። በሌሎች ተክሎችም ላይ ተፈተኑ። መንግሥት ፈቃድ የሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ኑግ የእኛ ሰብል ነው፤ ሌላ አገር የተደረገ ምርመራ ስለ ኑግ ሊያስብልን አይችልም ነበር። በራስ ሰብል፣ በራስ ምድር መመርመር ማለት ይህ ነው።

ሕጋችንስ ምን ይላል?

በዘመናዊ ምርምር የዘር ባሕርያቸው የተለወጠ ተክሎችና እንስሳት በሕጋችን ልውጥ ሕያዋን ይባላሉ። ስለ እነዚህ በ2001 ዓ.ም. የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 ወጣ። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ። ማሻሻያው ለምርምር መንገድ ከፈተ የሚሉ አሉ፤ ቁጥጥሩን አላላው የሚሉም አሉ። ከዚያ በኋላ ተባይ እንዲቋቋም የተደረገ ጥጥ በተከለለ ቦታ ተሞክሮ በ2010 ዓ.ም. ለእርሻ ተፈቀደ። ስለዚህ ጉዳይ ክርክሩ ገና አላበቃም፤ መከራከሩም ነውር አይደለም።

እኔ የምላችሁ ይህ ነው። ሕጉ ቢጠብቅም ቢላላም ፈቃድ ማለት ማኅተም የተመታበት ወረቀት ብቻ አይደለም። ፈቃድ ማለት ለሚከተሉት ጥያቄዎች ከመልቀቁ በፊት የተሰጠ መልስ ነው።

1ኛ፤ ከታሰበለት ሥራ ሌላ ምን ያደርጋል? ምን ይበላል? ከምን ጋር ይዳቀላል? ይህ በእኛው ሰብል፣ በእኛው ከብት፣ በእኛው ንብ ላይ ታይቷልን?

2ኛ፤ የሚሞከርበት ቦታ ተከልሏልን? ከጎረቤት ማሳ ያለው ርቀት ስንት ነው? ጎርፍ ቢመጣ ወዴት ይወስደዋል?

3ኛ፤ ቢያመልጥ በምን ይጠፋል? የሚያጠፋው ማን ነው? ለማጥፊያው የሚሆነውስ ገንዘብ ከመጀመሪያው ተቀምጧልን?

4ኛ፤ የሚፈቅደው ሰው ከሚጠቀመው ሰው የተለየ ነውን? ከሳሽና ዳኛ አንድ ሲሆን ፍርድ እንደሚጎድል ሁሉ፣ ሞካሪና ፈቃጅ አንድ ሲሆን ምርመራ ይጎድላል።

5ኛ፤ በአካባቢው ያለው ገበሬ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ ያለውን ቅሬታ ተናግሮ፣ ቃሉ ተጽፏልን?

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ ሁሉ ሲጠየቅ ተባዩ ሰብላችንን ይጨርሰዋል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ መዘግየትም ይጎዳል። የሚመረምር መሥሪያ ቤት ወረቀቱን በመሳቢያ ቆልፎ ዓመት ቢያሳልፍ ገበሬውን በደለ እንጂ አልጠበቀም። ስለዚህ ከመንግሥት የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መልሱ ቶሎ ይምጣ፤ ነገር ግን መልስ ሳይኖር ፈቃድ አይምጣ። የአውስትራሊያ የአገዳ ገበሬዎችም የቸገራቸው ሰዎች ነበሩ። ችኮላቸው ግን ከትሉ አላዳናቸውም።

የእናንተ ድርሻ

መንግሥት በየማሳው ዓይን የለውም። ዓይኑ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ፦

አዲስ ዘር ወይም ችግኝ ሲሰጣችሁ ያንን የሽማግሌውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን አየው? ቢያስቸግረን መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ? የሚያሳፍረው ጥያቄው አይደለም፤ መልስ ማጣቱ ነው።

አዲስ ነገር ተፈቅዶም ቢሆን ሁሉን በአንድ ቀን በማሳችሁ አትበትኑ። በትንሽ መደብ ጀምሩ፤ ዙሪያውን ከልሉ፤ ከውኃ መውረጃ አርቁ፤ ሳያብብ በፊት በየሳምንቱ ተመልከቱ።

ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ክልል ዘር፣ ቁራጭ ተክል ወይም ነፍሳት በኪስ ይዛችሁ አትምጡ። ዘመድ የላከላችሁም ቢሆን ለልማት ሠራተኛው አሳዩ።

የማታውቁት አረም ወይም ተባይ ባያችሁ ጊዜ «የሌላ ሰው ማሳ ነው» አትበሉ። ለልማት ሠራተኛው በዚያው ቀን ንገሩ። ሦስት ቡቃያ በእጅ ይነቀላል፤ ሦስት ጋሻ መሬት በእጅ አይነቀልም።

ለእናንተ ለልማት ሠራተኞች ደግሞ ጥቂት ቃል አለኝ። የመጣበት ያልተጻፈበትን ከረጢት አትክፈቱ። ምን ዘር፣ ከየት፣ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ገበሬ፣ ምን ያህል እንደሰጣችሁ በመዝገብ ጻፉ፤ ነገሩ የተበላሸ እንደሆነ ተከትሎ ለመሰብሰብ የሚቻለው በመዝገብ ነው። እንግዳ ነገር ሲታይ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ። ወደ አገር ስለሚገባ ዘርና ተክል የሚመለከተው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው፤ ስለ ልውጥ ሕያዋን የሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወደነሱ ማድረስ ይገባዋል፤ ባያደርስ ደግማችሁ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ገበሬ ሲጠይቃችሁ የማታውቁትን «ባለሙያዎች አይተውታል» ብላችሁ አትመልሱ። «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» በሉ። እኔ ይህችን አጭር ቃል በዚያ ክረምት ብናገር ኖሮ አሥራ አንድ ማሳ በተረፈ ነበር።

ነገሬን እጨርሳለሁ። ከዚያ ክረምት በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። መደባቸውን አሳዩኝ። መኖው አድጎ፣ ታጭዶ፣ ላማቸው ትበላው ነበር። «ዘርህ ክፉ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ያልታየ ነበር እንጂ።»

እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሳይታይ የሚለቀቅ ግን አይታመንም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው። እሳቱ ገና ፍም ሳለ ቅጠል ይበቃዋል፤ ደኑን ከያዘ በኋላ ግን ወንዝም አይበቃው።

አዝመራችሁን ይባርክ።